ፐርሰንት አይደመርም



የመረጥኩት ርዕስ ጠባብ ነው። «20 ፐርሰንት አሲድ ያለበት ፈሳሽ 60 ፐርሰንት አሲድ ካለበት ፈሳሽ ጋር ቢደባለቅ» ብሎ የሚጀምረውን ጥያቄ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በመማሪያ መጽሐፍ አለ፤ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የአፕቲቲዩድ ክፍልም ይመጣል። እኩልታ ሲሰጣቸው ዓይናቸውን ሳያሹ የሚፈቱ ጎበዝ ልጆች ይህን ጥያቄ ሲያዩ ዘለውት ያልፋሉ። ጥፋቱ የአልጀብራው አይመስለኝም። 2ሀ + 5 = 17 የሚለውን የሚፈታ ልጅ ከድብልቅ ጥያቄ የሚወጣውን እኩልታም ይፈታል። የሚቸገረው ከእኩልታው በፊት ነው፤ በጥያቄው ውስጥ ምን ከምን ጋር እንደሚደመር በግልጽ ያሳየው ሰው የለም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ፐርሰንት አይደመርም፤ የሚደመረው መጠን ነው።

በሁለት ብርጭቆ ሻይ እንጀምር። በአንደኛው አንድ ማንኪያ ስኳር፣ በሌላኛው ሦስት ማንኪያ አለ። ሁለቱን በአንድ ጆግ ውስጥ ብንገለብጣቸው ስኳሩ አራት ማንኪያ፣ ሻዩም ሁለት ብርጭቆ ይሆናል። ጣፋጭነቱ ግን አይደመርም። ሦስት ማንኪያ ከነበረበት ብርጭቆ የበለጠ የሚጣፍጥ ሻይ ከዚህ ጆግ ሊቀዳ እንደማይችል የአምስት ዓመት ልጅ ምላስ ታውቀዋለች። ያው ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው የ20 ፐርሰንቱና የ60 ፐርሰንቱ ድብልቅ ስንት ፐርሰንት ይሆናል ብላችሁ ብትጠይቁት ግን «80» ሊላችሁ ይችላል። ትንሽ ያሰበው «40» ይላል። 40 ትክክል የሚሆነው ሁለቱ ፈሳሾች እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው 3 ሊትር፣ ከሁለተኛው 1 ሊትር ብንወስድስ? በ3ቱ ሊትር ውስጥ ያለው ንጹሕ አሲድ 0.6 ሊትር ነው፤ በ1ዱ ሊትር ውስጥ ያለውም 0.6 ሊትር ነው። በድምሩ 1.2 ሊትር አሲድ በ4 ሊትር ፈሳሽ ውስጥ አለ። ይህ 30 ፐርሰንት ነው፤ 80ም አይደለም፣ 40ም አይደለም።

እዚህ ላይ የተደረገውን ልብ በሉ። ሁለት ሒሳብ ለየብቻ ተይዟል። አንደኛው የጠቅላላው ፈሳሽ ነው፤ ሁለተኛው በውስጡ ያለው የንጹሑ ነገር ነው። ፐርሰንቱ የመጣው መጨረሻ ላይ፣ ሁለቱ ሒሳቦች ከተዘጉ በኋላ፣ አንዱ ለሌላው ሲካፈል ነው። የድብልቅ ጥያቄ ሁሉ መፍትሔው ይኸው ነው፤ አልጀብራ የሚጨምርልን ከቁጥሮቹ አንዱ ተደብቆ ሲመጣ በስም ጠርተን ሥራ ላይ እንድናውለው ማስቻሉን ነው።

አሁን ከመማሪያ መጽሐፉ እንውጣና ሁላችንም ወደምናስታውሰው ጊዜ እንሂድ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ሳኒታይዘር ከየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ጠፋ። ዩኒቨርሲቲዎች በቤተ ሙከራቸው ማዘጋጀት ጀመሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ዓይነት ጊዜ ያወጣው መመሪያ አለ። 10 ሊትር ለማዘጋጀት 8333 ሚሊ ሊትር ባለ 96 ፐርሰንት ኢታኖል፣ 417 ሚሊ ሊትር ባለ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ 145 ሚሊ ሊትር ባለ 98 ፐርሰንት ግሊሰሮል ይቀላቀላል፤ ከዚያ 10 ሊትር ላይ ያለው ምልክት እስኪደርስ የተጣራ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይጨመራል።

8333 ሲያዩት ግራ የሚያጋባ ቁጥር ነው። ለምን 8000 አልሆነም? ለምን 8500 አልሆነም? መልሱ የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ነው። የሚፈለገው 80 ፐርሰንት አልኮል ያለበት 10 ሊትር ሳኒታይዘር ነው። ስለዚህ በዕቃው ውስጥ በመጨረሻ 8 ሊትር ንጹሕ አልኮል መኖር አለበት። በእጃችን ያለው አልኮል ግን ባለ 96 ፐርሰንት ነው። የምንቀዳውን መጠን ሀ ብንለው በውስጡ ያለው ንጹሕ አልኮል 0.96 × ሀ ነው። ውሃው አልኮል የለውም፤ ፐርኦክሳይዱና ግሊሰሮሉም የላቸውም። እንግዲህ 0.96 × ሀ = 8 ይሆናል። 8 ለ0.96 ሲካፈል 8.333 ሊትር ይሰጣል፤ መመሪያው ላይ ያለው 8333 ሚሊ ሊትር ይኸው ነው። 417ም እንዲሁ ነው። ከሳኒታይዘሩ 0.125 ፐርሰንቱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ እንዲሆን ተፈልጓል፤ ይህ ከ10 ሺህ ሚሊ ሊትር ውስጥ 12.5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ባለ 3 ፐርሰንቱ ፈሳሽ ስንት ቢሆን 12.5 ይዞ ይገኛል? 12.5 ለ0.03 ማካፈል ነው፤ 417 ገደማ ይመጣል። ይህን ለአንድ ክፍል ተማሪዎች ያሳየ መምህር «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» የሚል ጥያቄ አይነሳበትም።

በዚሁ መመሪያ ውስጥ አንድ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነገር አለ። መመሪያው «ይህን ያህል ውሃ ጨምሩ» አይልም፤ «10 ሊትር እስኪሞላ ጨምሩ» ነው የሚለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። 50 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮልና 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ስትቀላቅሉ የምታገኙት 100 ሚሊ ሊትር አይደለም፤ 96 ወይም 97 አካባቢ ነው። የጠፋ ነገር ግን የለም። የውሃና የአልኮል ሞለኪውሎች እርስ በርስ ሲሳሳቡ ተጠጋግተው የሚይዙት ቦታ ያንሳል። በሚዛን ብታስቀምጡት የውሃው 50 ግራምና የአልኮሉ 39.5 ግራም ገደማ ሳይጎድል ይገኛል። ስለዚህ መጠን ይደመራል ስል ያለ ጥርጥር የሚደመረው ክብደት መሆኑን ተማሪ ማወቅ አለበት። ሊትር ከሊትር የሚደመረው ፈሳሾቹ ተመሳሳይ ሲሆኑ ወይም በጣም የቀጠኑ ሲሆኑ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄዎች ይህን እንደ ቀላል ነገር አልፈውት ሊትርን ሁልጊዜ ይደምራሉ። ለልምምድ ጥሩ ነው፤ ግን መምህሩ አንድ ቀን የክፍሉን የኬሚስትሪ መምህር ጠርቶ ይህን በሲሊንደር ቢያሳይ ልጆቹ ሒሳብ ከየትኛው ግምት ተነስቶ እንደሚሠራ በዓይናቸው ያያሉ።

ከሳኒታይዘሩ ወደ ማሳ ልውሰዳችሁ፤ ሁለት የማይታወቁ ቁጥሮች ያሉበት እኩልታ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም።

ለብዙ ዓመታት ለአገራችን ገበሬ ይሰጥ የነበረው የማዳበሪያ ምክር በአንድ ሄክታር 1 ኩንታል ዳፕና 1 ኩንታል ዩሪያ የሚል ነበር። በዳፕ ጆንያ ላይ 18 - 46 - 0 ተብሎ ተጽፏል፤ ከመቶ ኪሎው 18ቱ ናይትሮጅን፣ 46ቱ በፎስፌት ሒሳብ የሚለካ ፎስፈረስ ነው ማለት ነው፤ ፖታሽ የለውም። ዩሪያ 46 - 0 - 0 ነው፤ ናይትሮጅን ብቻ። ስለዚህ ያ ምክር ለአንድ ሄክታር 18 + 46 = 64 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት ይሰጥ ነበር። በኋላ የዳፕን ቦታ ኤንፒኤስ ያዘው። የኤንፒኤስ ጆንያ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ በተጨማሪም 7 ድኝ ይላል።

ገበሬው «ማዳበሪያው ተቀየረ፤ እኔ ግን እንደ ድሮው አንድ ኩንታል ከአንድ ኩንታል ጋር» ቢልስ? ሒሳቡ እነሆ፦ ናይትሮጅኑ 19 + 46 = 65 ኪሎ ይሆናል፤ እንዲያውም በአንድ ኪሎ ይበልጣል። ፎስፌቱ ግን 38 ብቻ ነው፤ 8 ኪሎ ጎደለ። ጆንያው ያው ጆንያ፣ ኩንታሉም ያው ኩንታል ሆኖ ሳለ ለማሳው የሚደርሰው ተለውጧል።

የድሮውን ልክ በአዲሱ ማዳበሪያ ለማግኘት ኤንፒኤሱን ሀ ኪሎ፣ ዩሪያውን ለ ኪሎ እንበለው። አሁን እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ ሒሳብ ይከፈትለታል። የፎስፌቱ ሒሳብ 0.38 × ሀ = 46 ነው፤ ዩሪያ ፎስፌት ስለሌለው እዚህ አይገባም። የናይትሮጅኑ ሒሳብ 0.19 × ሀ + 0.46 × ለ = 64 ነው። ከመጀመሪያው ሀ 121 ኪሎ ገደማ ይወጣል። ይህ ኤንፒኤስ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይዞ ይመጣል። ከ64 ላይ 23 ሲቀነስ 41 ይቀራል፤ 41 ለ0.46 ሲካፈል ዩሪያው 89 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከዚህ ሌላ 8 ኪሎ ተኩል የሚሆን ድኝ አብሮ ይገባል። እኔ የማሳ ምክር እየሰጠሁ አይደለም፤ ለየትኛው አፈርና ለየትኛው ሰብል ስንት እንደሚያስፈልግ የግብርና ባለሙያው ይወስናል። ባለሙያው «64 እና 46» ካለ በኋላ ግን «ከየትኛው ጆንያ ስንት ኪሎ?» የሚለውን የሚመልሰው አልጀብራ ነው። የገበሬ ልጅ የሆነ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ለአባቱ ሠርቶ ማሳየት መቻል አለበት። ትምህርታችን ይህን ካላስቻለው አንድ ትልቅ ነገር ጎድሎታል።

ይህ ዓይነቱ ሐሳብ አዲስ እንዳይመስላችሁ። በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም የሚገኝ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ዓመት ገደማ አህሜስ የተባለ ጸሐፊ የገለበጠው የግብፅ የሒሳብ ፓፒረስ አለ። በዚያ ላይ የዳቦና የጠላ መሰል መጠጥ «ጥንካሬ» የሚለካበት ፔፍሱ የሚባል መለኪያ ይገኛል፤ ከአንድ መስፈሪያ እህል ስንት ዳቦ እንደተጋገረ የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ዳቦው ሳስቷል ማለት ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ነው፦ ፔፍሱው 10 የሆነ 1000 ዳቦ፣ ፔፍሱው 20 እና ፔፍሱው 30 በሆኑ እኩል ቁጥር ባላቸው ዳቦዎች ሊለወጥ ነው፤ ከእያንዳንዱ ስንት ይሰጥ? ዳቦን በዳቦ ቆጥረህ አትለውጥም፤ እህሉን በእህል ነው የምትለውጠው። 1000ው ዳቦ 100 መስፈሪያ እህል ይዟል። ከሁለቱም ዓይነት ሀ ዳቦ ቢሰጥ የሚወጣው እህል ሀ/20 + ሀ/30 ነው፤ ይህም 100 መሆን አለበት። መልሱ ከእያንዳንዱ 1200 ዳቦ ነው። ጸሐፊው ሀ የሚል ምልክት አልነበረውም። በዳቦው ውስጥ ያለውን፣ በልውውጡ የማይለወጠውን እህል ግን አይቶታል። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ አልፎም የድብልቅ ጥያቄ ዋናው ሥራ ይኸው ነው።

የመጽሐፉ ርዕስ ለአልጀብራ ስሙን የሰጠው አል ኸዋሪዝሚም በ9ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በባግዳድ መጽሐፉን ሲጽፍ በምልክት አልተጠቀመም። እኩልታዎቹን ሁሉ በዐረፍተ ነገር ጻፋቸው። ይህን የማነሳው ለመምህራን ስለሚጠቅም ነው። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ለብዙ ልጆች እንግሊዝኛ ሁለተኛ፣ ለአንዳንዶቹም ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። ልጁ ከጥያቄው ጋር ከመታገሉ በፊት ከቋንቋው ጋር ይታገላል፤ ከዚያ ቁጥሮቹን ብቻ ለቅሞ እንደመጣለት ያባዛቸዋል። እኩልታ መጀመሪያ በሰው ቋንቋ የተነገረ ዐረፍተ ነገር ነው። «ከዚህኛው የመጣው ስኳርና ከዚያኛው የመጣው ስኳር ሲደመሩ በድብልቁ ውስጥ ያለውን ስኳር ይሰጣሉ» ብሎ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በአፍ መፍቻው ያለ ልጅ እኩልታውን ጽፎታል፤ የቀረው ማሳጠር ነው።

አንድ ምሳሌ ከሆስፒታል ልጨምር፤ ስሕተት ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ስለሚያሳይ። አዲስ የተወለደ ሕፃን የደም ስኳሩ ሲወርድ ዴክስትሮስ የተባለው የስኳር ፈሳሽ ባለ 10 ፐርሰንቱ ያስፈልግ ይሆናል። በመጋዘኑ ያለው ባለ 40 ፐርሰንቱና ባለ 5 ፐርሰንቱ ብቻ ነው እንበል። 70 ሚሊ ሊትር ለማዘጋጀት ከባለ 40ው ሀ ብንወስድ ከባለ 5ቱ 70 ሲቀነስ ሀ እንወስዳለን። 0.40 × ሀ + 0.05 × (70 − ሀ) = 7 ይሆናል፤ 0.35 × ሀ = 3.5፤ ሀ = 10። እንግዲህ 10 ሚሊ ሊትር ከባለ 40ው፣ 60 ሚሊ ሊትር ከባለ 5ቱ ማለት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ቢገለበጡ ድብልቁ 35 ፐርሰንት ይሆናል፤ ይህ ለጨቅላ ሕፃን ደም ሥር አደገኛ ነው።

እንዳይገለበጥ የሚጠብቀው እኩልታው ብቻ አይደለም፤ ከእኩልታው በፊት የሚደረግ ግምት ነው። 10 ለ5 በጣም ይቀርባል፤ ከ40 ይርቃል። ስለዚህ የሚበዛው ባለ 5ቱ መሆን አለበት። ርቀቶቹን ብትቆጥሩ ከ5 እስከ 10 ድረስ 5፣ ከ10 እስከ 40 ድረስ 30 ነው፤ መጠኖቹም በተገላቢጦሽ 30 ለ5፣ ማለትም 6 ለ1 ናቸው። ሁለት ልጆች በሚወዛወዝ እንጨት ላይ ሲቀመጡ ከባዱ ወደ መሃል ተጠግቶ ቀላሉ ርቆ ካልተቀመጠ አይመጣጠኑም፤ የድብልቅም ሕግ ይኸው ነው። ፋርማሲ የተማሩ ሰዎች ይህን አቋራጭ ያውቁታል። ለተማሪ ግን እኩልታውን ሳያስረዱ አቋራጩን ብቻ መስጠት አይገባም፤ ሦስት ፈሳሽ የመጣለት ቀን ባዶ እጁን ይቀራል።

ደግሞ ከመሃል ቀንሶ የመተካት ጥያቄ አለ፤ እሱ የሚያስቸግረው ሀ ሁለት ቦታ ስለሚገባ ነው። 8 ሊትር የሚይዝ ራዲያተር 30 ፐርሰንት ኩላንት አለው፤ 50 እንዲሆን ስንት ቀድተን በንጹሕ ኩላንት እንተካው? ስንቀዳ ኩላንትም ውሃም አብሮ ይወጣል። የቀረው 8 ሲቀነስ ሀ ነው፤ ስለዚህ 0.30 × (8 − ሀ) + ሀ = 4፤ ሀ 2.3 ሊትር ገደማ ነው። ቅንፉን የረሳ ተማሪ መልሱን ያጣል።

በመጨረሻ ለወላጆች። የጤፍ ዋጋ ሲወደድ ቅይጥ ዱቄት በየሰፈሩ ይሸጣል። ዋጋዎቹን ለምሳሌ ብቻ ያዙልኝ፦ ጤፉ በኪሎ 140 ብር፣ ማሽላው 90 ብር፣ ቅይጡ 120 ብር ይሁን። ሻጩ «80 ፐርሰንቱ ጤፍ ነው» ቢል 0.8 × 140 + 0.2 × 90 = 130 ብር ይመጣል። በ130 ያወጣውን በ120 አይሸጥም። ሀን የጤፉ ድርሻ አድርገን 140 × ሀ + 90 × (1 − ሀ) = 120 ብንል ሀ 0.6 ይሆናል፤ ሻጩ ምንም ባያተርፍ እንኳ ጤፉ ከ60 ፐርሰንት አይበልጥም፤ ካተረፈ ደግሞ ያንሳል። ይህ ሰውን ለመክሰስ አይደለም፤ እሱ እህሉን በርካሽ ገዝቶት ይሆናል። ግን ጥያቄውን በቁጥር መጠየቅ የሚችል ሸማች ቤቱን አያስበላም።

መምህራን ሆይ፣ አደራ የምላችሁ ይህንን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ የድብልቅ ጥያቄ ስትሰጡ ስማቸው ካልተነገረ ከ«ፈሳሽ ሀ» እና ከ«ፈሳሽ ለ» አትነሱ፤ የማዳበሪያ ጆንያ ወይም የበረኪና ጠርሙስ ይዛችሁ ግቡ፤ መለያው ላይ ያለውን ፐርሰንት ልጆቹ ራሳቸው ያንብቡ። እስክሪብቶ ሳያነሱ መልሱ ከየትኛው ቁጥር እንደሚቀርብ በቃላቸው ይናገሩ። ከዚያ ሁለቱን ሒሳብ፣ የጠቅላላውንና የንጹሑን፣ ለየብቻ ይጻፉ። ፈተና የምታወጡም ባለሙያዎች ከአፍ መፍቻ ቋንቋው ውጭ ለሚፈተን ልጅ ዐረፍተ ነገሩን አሳጥሩለት፤ የምትፈትኑት ሒሳቡን ይሁን።